ከውጭ የሚቀረቀር በር

የመልህቁ ገመድ ሲበጠስ ሸራ ሰፊዋ መርፌዋን ከወፍራሙ ሸራ ውስጥ ግማሽ ድረስ አስገብታ ነበር። ድምፁ ጠመንጃ የተተኮሰ መሰላት። ቀና ብትል ከተማው ቦታውን ለቆ ወደ ጎን ሲሄድ አየች፤ የጉምሩኩ ግንብ፣ የገመድ ሠሪዎቹ ረጅም ጣሪያ፣ ከምሽጉ አናት ላይ የሚውለበለበው ባንዲራ፣ ሁሉም ተያይዘው ይንሸራተታሉ። የሚሄደው ከተማው ሳይሆን መርከቡ መሆኑ የገባት ሁለተኛው ማዕበል መጥቶ ከነበርጩማዋ ሲገለብጣት ነው።

በመርከቡ ላይ ከእርሷ ሌላ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። መርከቡ ለጦሩ ባሩድ የጫነ ስለሆነ ወደ ወደቡ እንዲጠጋ አልተፈቀደለትም፤ ከውጭ ባሕሩ ላይ መልህቁን ጥሎ ቆሞ ነበር። አዛዡንና መርከበኞቹን በሙሉ፣ ለአዲሱ ገዥ ታማኝነታቸውን እንዲምሉ፣ ወታደሮች ከረፋድ ጀምሮ ወደ ምሽጉ ወስደዋቸዋል። አሮጌው ገዥ ከሞቱ ወዲህ ሁለቱ ልጆቻቸው አገሩን እንደ ጨርቅ ለሁለት ቀደው እየተዋጉበት ነውና፣ በዚያ ዓመት ሳይምል ውሎ የሚገባ ሰው አልነበረም። የቀረው የመርከቡ አናጺ ነው፤ የውሃ ማውጫው ስለተበላሸ እርሱን እየጠገነ መርከቡን እንዲጠብቅ ተውት። እርሷን ደግሞ የተቀደደውን ትልቁን ሸራ እንድትሰፋ አንድ ቀዛፊ በጀልባ አድርሷት፣ ከሥራ መውጫ ላይ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል።

አናጺው ማን እንደሆነ ቀድመው ቢነግሯት ጀልባው ላይ ባልወጣች። ገና የመርከቡን መሰላል ሳትጨርስ፣ ከታች በኩል በጥርስ መሃል የሚያፏጭ ሰው ሰማችና መሰላሉን እንደያዘች ቆመች። ልጃገረድ ሳለች፣ ያ ፉጨት በአባቷ ሸራ ቤት ጓሮ በኩል ሲያልፍ መርፌ ጣቷን ይወጋት ነበር። እርሱም ወጥቶ አያት፤ መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንደምን ዋሉ?» አለችው ቀድማ። አንቱ ስትለው በጥፊ የተመታ ያህል ደነገጠ። «ደህና፤ እርስዎስ?» ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

አሁን ግን መሰላሉን በአንድ ዝላይ ወጥቶ ወደ መርከቡ ፊት ሮጠ። ትርፉን መልህቅ ብቻውን ሊጥል ሲታገል ገመዱ እየተሳበ መዳፉን ላጠው። እርሷ መሪውን ይዛለች፤ መሪው ግን እንደ እልኸኛ በሬ አልዞር ብሏታል።

«ልቀቀው! እጅህን ይቆርጥሃል፣ ልቀቀው!» ብላ ጮኸችበት። አንቱታውን ማዕበሉ ጠራርጎ ወስዶት ነበር።

ገመዱን ለቀቀና መጥቶ ከጎኗ መሪውን ያዘ። ለሁለትም ቢሆን አልዞር አለ። ነፋሱ መርከቡን ከፊቱ አድርጎ እየነዳ፣ ማንም ሊሄድበት ወደማይፈልገው ቦታ ወሰዳቸው።

የከተማው ሰው ያን ደሴት በስሙ አይጠራውም። «ማዶ» ብቻ ይለዋል፤ ልጅ ሲያስቸግር «ማዶ ትወሰዳለህ» ይባላል። በቸነፈሩ ዘመን በሽተኞችን እየጫኑ የሚያራግፉበት ማቆያ ነበር። ቸነፈሩ ካለፈ ቆይቷል፤ ሕጉ ግን አላለፈም። ማዶን የረገጠ ሰው ወደ ወደቡ አይመለስም፤ ልመለስ ቢል ከምሽጉ ይተኮስበታል። ሕጉን ያወጡት ሹማምንት ሞተዋል። የሚሽረው ግን አልተገኘም፤ ከሻረው በኋላ አንድ ሰው ቢያስነጥስ ማን ሊጠየቅ ነው?

መርከቡ ከደሴቱ ጥግ ባሉት አለቶች ላይ ወጥቶ ወገቡ ተሰበረ። ባሩዱ ውሃ ጠጥቶ ጥቁር ጭቃ ሆነና ባሕሩን አጨቀየው። አናጺው የመሣሪያ ሳጥኑን በጀርባው አስሮ ከመዝለሉ በፊት ወደ እርሷ ዞሮ፣ እዚያው ስባሪው ላይ እንድትቆይ፣ መሬቱን ካልረገጠች ነገ ከነገ ወዲያ ሊወስዷት እንደሚችሉ ነገራት። ቆየች። ከሸራው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ መርፌዎቿን የምትይዝበትን ቀንድ በደረቷ ሸጉጣ፣ እርሱ በዳርቻው እየተመላለሰ ሲያያት አየችው። ነገር ግን ስባሪው ራሱ አልቆየም። ከበታቿ ሲንሸራተት፣ ማንም ሳይረዳት፣ የሸራውን ጫፍ እየጎተተች በገዛ እግሯ ወረደችና ማዶን ረገጠች። መሬቱ እንደማንኛውም መሬት አሸዋ ነው።

እርሱ ደሴቱን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ከውሃ ላይ ሆኖ ነው። አባቱ የማዶ ቀባሪ ነበሩ። ቸነፈሩ ሲያልፍ የዳኑትም ያስታመሙትም እንዲመለሱ አልተፈቀደም፤ አንድ በአንድ አልቀው በመጨረሻ ቀባሪው ብቻቸውን ቀሩ። አክስቱ ዘንድ ያድግ የነበረው ልጃቸው በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ መጥቶ፣ ከአለቱ ላይ ዳቦ አስቀምጦ፣ ሳይወርድ ይመለሳል። አባትየው ከርቀት እጃቸውን ያነሱለታል፤ ይህ ነበር መጠያየቃቸው። አንድ ቀን ሲመጣ ያለፈው ዳቦ እንዳለ ነው። ቀጥሎም ሲመጣ እንዳለ ነው። ዳቦው በዳቦ ላይ ሲደራረብ ልጁ መምጣቱን ተወ።

የማቆያው ቤት ከድንጋይ የተሠራ ረጅም ሕንጻ ነው፤ አንድ ጨለማ መተላለፊያ፣ ከግራና ከቀኙ ክፍሎች። በየክፍሉ የድንጋይ መደብ አለ፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ መዳፍ የምታህል መስኮት። አንዳንዱ መደብ ላይ በጥፍር የተጫረ ጭረት ይታያል። በሮቹ ከወፍራም ሳንቃ ተሠርተዋል፤ የብረት መቀርቀሪያቸው ከውጭ እንጂ ከውስጥ የለም። ሸራ ሰፊዋ ይህን አየችና መድረኩ ላይ ቀረች። አናጺው ከሁሉ ደረቅ የሆነውን ክፍል መርጦ አሳያት፤ ምስጋናዋን በአጭሩ ተናግራ፣ እርሱ ዘወር ሲል ግን ሸራዋን ተከናንባ መተላለፊያው ላይ ተጋደመች። እንዲህ ሆና ሰነበተች። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ አልነገረችውም። አንድ ጠዋት ውሃ ቀድታ ስትመለስ መሮውን ይዞ ከበሯ ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። የዛገውን መቀርቀሪያ ከነምስማሩ ነቅሎ ብድግ አለና እጇ ላይ አኖረላት።

«ያውልሽ» አለ። «የፈለግሽበት ጣይው።»

ወደ ባሕር ወረወረችው። በዚያ ቀን ከክፍሏ ገብታ እስክትጠግብ ተኛች።

የሚያስጨንቀው ነገር ከተማው መታየቱ ነው። ባይታይ ኖሮ ሰው ተስፋውን ቆርጦ ሌላ ነገር ያስባል። አየሩ ሲጠራ የሸራ ቤታቸውን ጣሪያ ለይታ ታየዋለች፤ ወንድሟ አዲስ ሸራ ለማድረቅ ሲዘረጋ ነጭ ሆኖ ያበራል። ሰው እንደ ጉንዳን በገበያው ይርመሰመሳል። ከዳርቻው ቆማ ብትጮህ የምትሰማ ይመስላታል። አንድ ጊዜ እርጥብ ቅጠል አንድደው ጭስ አቆሙ። ከምሽጉ መልስ መጣ፤ መጀመሪያ ጭስ፣ ከዚያ የመድፍ ድምፅ፣ ከዚያ ከአለቶቹ ወዲያ ውሃው እንደ ዛፍ ቆመና ወደቀ። አናጺው እሳቱን በእግሩ በተነው። «አይተውናል ማለት ነው» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከስባሪው ሳንቃ ሰብስቦ ታንኳ ነገር ሊገጣጥም ሞከረ። አለቱ ጥሩ ጥሩውን እንጨት ሰባብሮታል፤ የተረፈው ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል። ስንጥቁን የሚደፍንበት ሬንጅ የለ፣ ቃጫ የለ። የገጠመው ነገር ውሃ ላይ ሲወርድ ለጥቂት ጊዜ ተንሳፈፈና ከነገመዱ ተፈታታ። እንደገና ሠራ፤ እንደገና ተፈታ። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከገደሉ ላይ የወፍ እንቁላል ይለቅማሉ፤ ከማቆያው ጓሮ የዱር ሽንኩርት ይነቅላሉ። ከዚያ ዞረው ዞረው እዚያው። ደሴቱን በዙሪያው ሲሄዱ ገና ወሬያቸው ሳያልቅ ከተነሱበት ይደርሳሉ፤ ወሬም ኖሯቸው አይደለም።

የቀባሪው ጎጆ ከመቃብሮቹ ኋላ፣ ከጉብታው በታች ነው። አናጺው ወደዚያ አልሄደም። ለማገዶም ለእንጨትም ሲዞር ያን በኩል ይዘለዋል። እርሷ አስተውላ ዝም አለች፤ ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። በኋላ ግን አንድ ቀን አካፋ ፍለጋ ራሷ ሄደች። ጣሪያው ግማሹ ወድቋል። አካፋው ከበሩ አጠገብ ተደግፎ ቆሟል፤ ቀባሪው ደግሞ ከአልጋቸው ላይ ናቸው፤ ካባቸውን እንደለበሱ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መስኮት እንዳዞሩ፣ አጥንት ብቻ ሆነው።

ተመልሳ ነገረችው። እርሱም፣ ሰውን ሁሉ የቀበሩ ሰው ቀባሪ ማጣታቸውን እያወቀው እንደኖረ፣ በየወደቡ ሲተኛና ሲነሳ ያ ዳቦ እንደሚታየው አወራላት። እግሩን ከጀልባው ቢያወርድ ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር፤ ልጅ ነበርና አላወረደውም። እርሷ ምን ብላ ታጽናናው? ተነስታ አካፋውን ያዘች። መሬቱን ተራ በተራ ቆፈሩ። ካባውን ከትልቁ ሸራ ቆርጣ ባወጣችው ላይ ዘርግታ፣ አጥንቱን እርሱ እያነሳ ሲሰጣት እያስተካከለች አኖረች፤ ከዚያ ለትልቅ መርከብ ሸራ እንደምትሰፋው አድርጋ፣ ክሯን በሰም እያሸች፣ ዙሪያውን ሰፋችው። መርፌውን አታጣድፍም። አናጺው ከጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ እጆቿን ይመለከት ነበር፤ ሲቀብሩ አለቀሰ፤ እርሷም አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ተከፈተ።

ያለያያቸው ነገር ምስጢር አልነበረም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ያኔ ሽማግሌ ቢልክ፣ አባቷ «ልጄን ለመቃብር አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። ስለዚህ በመርከብ አብረው ሊጠፉ ተማማሉ። እርሱ ቀድሞ ተሳፈረ። እርሷ ጓዟን በአንሶላ ቋጥራ እስከ ገመድ ሠሪዎቹ ጥግ ድረስ መጣች፤ መርከቡን አየች፤ ተመለሰች። አባቷ የገመድ ነጋዴ አጋቧት። ባሏ ክፉ አልነበረም፤ ለአናጺው ስትነግረው እንኳ የሞተውን ሰው አላማችውም፤ እንደ ግድግዳ ያለ ሰው ነበር፣ ይደገፉታል እንጂ አያዋሩትም። ልጅ ሳይወልዱ ሞተ። አሁን ደግሞ የወደቡ ሹም ለጋብቻ ጠይቀዋታል፤ የጦሩን ድንኳንና ሸራ ለማን እንደሚሰጡ የሚወስኑት እርሳቸው ስለሆኑ ወንድሟ እሺ ብሏል። የሹሙን ቤት አይታዋለች፤ ምንጣፉ ያማረ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አለው።

«አንተስ?» አለችው። «አላገባህም?»

«ጥርስ ያላት ከመጋዜ በቀር አብራኝ የኖረች የለችም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ዓመታት ስታላምጠው የኖረችውን አወጣችው። «ጥጉ ላይ ቆሜ አይተኸኛል። ከመርከቡ ላይ ሆነህ አይተኸኛል፤ ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው። ለምን አልጠራኸኝም?»

«ብጠራሽ ትመጪ ነበር» አለ። «ከዚያ በኋላ በተከፋሽ ቁጥር፣ አንተ ጠርተኸኝ እንጂ ትይኝ ነበር። እኔም የቀባሪ ልጅ ነኝ፤ ማንንም ወደ እኔ ና ብዬ አላውቅም።»

«ኩራት ነው።»

«ኩራት ነው» አለ እርሱም።

«እኔ ፈርቼ ነው» አለች። «አንተን አልነበረም የፈራሁት፤ ባሕሩን ነው። ሸራ እየሰፋሁ አድጌ ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር።» ይህን ስትለው እንደ መቀለድ ብላ ነው፤ እርሱ ግን አልሳቀም። የተላጠ እጁን አንስቶ ከእጇ ላይ አኖረው። እጇን አልሳበችም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደሴቱ የበለጠ ጠበበ እንጂ አልሰፋም። ቀድሞ የሚያጡት ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን የሚያጡት መጣ። እርሱ ብዙውን ጊዜ ከአባቱ መቃብር አጠገብ ቆሞ ያስባል፤ ሁለታቸውም እዚህ ያረጃሉ፤ አንዱ ይቀድማል፤ የቀረው አካፋውን ያነሳል፤ ከዚያ ለመጨረሻው ማን አለ? ይህን አልነገራትም። እርሷ ግን ፊቱን አይታ ታውቀው ነበር።

የወደቡ ጥበቃ ጀልባ የመጣችው ባሕሩ እንደ ዘይት በተኛበት አንድ ረፋድ ነው። ቀዛፊዎቹ አፍንጫቸውን በኮምጣጤ በተነከረ ጨርቅ አስረዋል፤ ከምሰሶዋ ላይ የበሽታ ምልክት የሆነው ቢጫ ባንዲራ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ በረጅም ገመድ አንዲት ትንሽ ባዶ ጀልባ ትጎተታለች፤ የገመዱን ጫፍ የያዘው ታላቅ ወንድሟ ነው። ቆዳው አመድ መስሏል፤ ልብሱ ከከሳው ገላው ላይ ተንጠልጥሏል። አናጺው ለሌላ ሙከራ መቅዘፊያ ሲጠርብ ነበር፤ መጥረቢያውን ይዞ እንዳለ ቆመ። እርሷ ከአለቱ ጫፍ ድረስ ወጣች።

መቶ አለቃው ጥሩምባ የመሰለ ቆርቆሮ በአፉ ላይ አድርጎ ተናገረ። አነጋገሩ ጨዋ ነው።

«እመቤቴ፤ የወደቡ ሹም አዝነውልዎታል። ከመርከቡ ስባሪ ላይ እንደነበሩና የማዶን መሬት እንዳልረገጡ በእነዚህ ወታደሮች ፊት ይማሉ። ትንሿን ጀልባ በገመድ እንልክልዎታለን፤ ብቻዎን ይሳፈራሉ።»

«የቆምኩት የት ነው ታዲያ?» አለች።

መቶ አለቃው ትንሽ አመነታ። «አለቱ የባሕር ነው፤ ሹሙ እንደዚያ ብለዋል።»

«አናጺውስ?»

«አናጺው የማዶ ሰው ነው፤ አባቱም እዚሁ ነበሩ። እርሱን በተመለከተ የታዘዝኩት ነገር የለም።»

ወንድሟ ከጀልባዋ ጫፍ ተጠግቶ ለመናት። እናታቸው ብትኖር ምን ትል እንደነበር፣ ቤቱ ያለ እርሷ ቤት እንዳልሆነ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እያለቀሱ እንደሆነ ነገራት። «እቱ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት» አለ መጨረሻ ላይ። «በይና እንሂድ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለችው። ከዚያ ወደ አናጺው ዞረች።

አናጺው ሁሉንም ሰምቷል። እንድትሄድ ሊነግራት ይገባ ነበር፤ ደግ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ለዓመታት የኖረበትም ዝምታ አፉ ላይ ዝግጁ ነበር። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ እርሷ መጣ፤ ድምፁ ሲወጣ የራሱ አልመስል አለው።

«አትሂጂ» አለ። «ከእኔ ጋር ሁኚ።»

ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ወታደሮቹ ከርቀት አላዩትም። «መናገር ትችል ኖሯል?» አለችው ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞራ፣ ያለ ቆርቆሮ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች።

«መቶ አለቃ፤ የማዶን መሬት ረግጫለሁ። ከጉድጓዱ ውሃ ጠጥቻለሁ፣ ከቤቱ ተኝቻለሁ፣ ሰው ቀብሬበታለሁ። ይኸው ጤነኛ ነኝ። ለሹሙም እንዲሁ ይንገሩልኝ።»

ቀዛፊዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። መቶ አለቃው በሕጉ መሠረት ከእንግዲህ እንደ ሞተች እንደምትቆጠር፣ ስሟም ከሟቾች ጋር በአደባባይ እንደሚነበብ አስታወቃት፤ ራሱ ሳያምንበት የሸመደደውን የሚያነበንብ ይመስል ነበር። ወደ ወንድሟ ዞሮ ገመዱን እንዲሰበስብ አዘዘው።

ወንድሟ ገመዱን ክንድ ክንድ እያደረገ መሳብ ጀመረ። ገመድና ሸራ መሃል ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ በማዕበል ጊዜ እንኳ ገመድ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ በዚህ የከተማው ሰው ይቀልድበት ነበር፣ ሚስቱን በገመድ አስሮ ይተኛል እያሉ። ሲስብ ሲስብ ቆየና ጣቶቹን ዘረጋ። ገመዱ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ እንደ እባብ ተንሸራቶ ውሃ ገባ።

«አዳለጠኝ» አለ።

ትንሿ ጀልባ መጀመሪያ ባለችበት ቆማ እንደማመንታት አለች። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ደሴቱ ያመጣት ጀመር። መቶ አለቃው ዋኝቶ የሚያመጣ ወታደር ጠየቀ። አንዱ ጉንፋን ይዞኛል አለ፤ አንዱ ዋና አልችልም አለ፤ ሌሎቹ የአፍንጫቸውን ጨርቅ አጥብቀው አሰሩ። ትንሿ ጀልባ ወደ ማዶ ውሃ ገብታ ነበርና ማንም ሊነካት አልፈለገም። መቶ አለቃው ወንድምየውን ለረጅም ጊዜ አየው። ወንድምየው ደግሞ እጆቹን ወደ ፊቱ ዘርግቶ፣ እንደተሰረቀበት ሰው፣ ባዶ መዳፎቹን ያያቸው ነበር። ቀዛፊዎቹ ዞሩ፤ የጥበቃዋ ጀልባ ወደ ከተማው ስትርቅ ወንድምየው ቀና ብሎ እህቱን አላያትም፤ ቢያያት ሳያለቅስ አይቀርም ነበር። በኋላ እንደተሰማው ክረምቱን በሙሉ በምሽጉ ታስሮ ቆይቷል፤ የጦሩ ሥራም ለሌላ ተሰጠ። ስንት ጊዜ ቢጠይቁት ያቺን «አዳለጠኝ» የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ መለሰ።

አናጺው እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ ጀልባዋን ተቀበላት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ወደ ከተማው አልነበረም፤ ፊታቸውን አዙረው፣ ማንም የማያውቃቸው ወዳለበት ወደ ወዲያኛው ዳርቻ። እርሱ የጠረበውን መቅዘፊያ ያዘ፤ እርሷ ከትልቁ ሸራ ቆርጣ የሰፋችውን ትንሽ ሸራ ዘረጋች። የጀልባዋ ሥር ውሃ ያስገባ ነበርና እየቀዳች ወደ ውጭ ትደፋለች። ፈርታ ነበር፤ አልደበቀችውም፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር ጉልበቱን ጨምቃ ትይዘዋለች። ሁለት ጊዜ ነፋስ ጠፋና ባሕሩ መሃል ተገትረው ቀሩ፤ ከኋላቸው ደሴቱ፣ ከፊታቸው ምንም። ያኔ ነው ሰው መታሰርን የሚያውቀው፤ ግድግዳም በርም በሌለበት ቦታ። አናጺው ያፏጭ ነበር፤ አፉ ሲደርቅ እርሷ ቀጠለችለት፤ ዜማውን ስትስተው ያርማታል።

ዳርቻው ላይ ሲደርሱ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲጠግኑ አገኙ። በዚያ በኩል የሚገዛው ከአሮጌው ገዥ ልጆች ሌላኛው ነው፤ ስለዚህ አንድ እንቅልፋም ወታደር መጥቶ ለእርሱ አስማላቸው፤ ማሉ። አንዲት ጉልበቷ ያልደከመ አሮጊት የመሣሪያ ሳጥኑን አየችና የሚያፈስ ጀልባ እንዳላት ነገረችው፤ ጠግኖላት ከቤቷ ቢያድሩ አትጠላም። ከዚያ ከራስ እስከ እግራቸው ቃኘቻቸው፤ ልብሳቸው የተቀዳደደ፣ ፊታቸው በፀሐይ የተላጠ፣ እጃቸው ግን የተያያዘ ነው።

«ባልና ሚስት ናችሁ?» አለች።

አናጺው አፉን ከፈተ። ሸራ ሰፊዋ ቀደመችው።

«እንሆናለን» አለች።

«እንግዲያው» አለች አሮጊቷ፣ «እስክትሆኑ ድረስ አንቺ ከእኔ ጋር፣ እርሱ ከመረቡ ቤት ነው የሚተኛው።»

አናጺው አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። ሸራ ሰፊዋ ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸዋው ላይ ቁጭ አለችና ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ድረስ ሳቀች፤ አሮጊቷ ምን እንዳስቃት ስላልገባት ውሃ ልታመጣላት ሄደች።